ከአለቃ ገብረ ሐና እስከ ቴሌቪዥን መስኮት፤ ስለ ቀልድና ስለ ማስመሰል ሥራ ታሪክ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ፔዳ የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲው ረዳት በሩን ይዞ «ፔዳ! ፔዳ!» እያለ ሲጣራ፣ ስሙ የግሪክ ቃል ቁራጭ መሆኑን የሚያስብ መንገደኛ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ባደረገው ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቁሞ በ1965 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ተማሪዎቹ ግን የተከበረውን የግሪክ ቃል ከወገቡ ቈርጠው ፔዳ አሉት። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተውን የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትም እንዲሁ ፖሊ ብለው አሳጠሩት። ሁለቱ ተቋሞች በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ሲሆኑ፣ በሰነድ ላይ የሰፈረው ረጅሙ ስም ተለወጠ፤ በተማሪ አፍ የተቈረጠው አጭሩ ስም ግን ሳይለወጥ ቀረ። አውቶቡሱም፣ ሻይ ቤቱም፣ አከራዩም ዛሬ የሚጠሩበት እሱን ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁን ነገር አሳጥሮ፣ የከበደውን አቅልሎ፣ የሩቁን አቅርቦ መያዝ የቀልድ ሥራ መጀመሪያ ነውና፣ ስለ ቀልደኞች ታሪክ ለመጻፍ ይህ ሰፈር የተመቸ መነሻ መስሎ ታየኝ። ከዚህም በላይ ሌላ ምክንያት አለኝ። በቴሌቪዥን መስኮት ቀርበው ሕዝቡን ሲያስቁ የኖሩ ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው እየገፋ ሂዶ፣ በየእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለፈውን ጊዜ ትዝታ ሲያወሩ እንሰማቸዋለን። እነሱ የሚያወሩት ያዩትን ነው። ከእነሱ በፊት የነበረውን ማን ይናገር? ይህ ጽሑፍ ያንን ጥቂት ለማሳየት ይሞክራል።

የአገራችን የቀልድ ታሪክ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚጠራው የጣና ዳር ሰው ነው። አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው ቦታ እንደ ተወለዱ ይነገራል። በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠልቀው የተማሩ፣ ቅኔውንም ዜማውንም አቋቋሙንም የሚያውቁ፣ ለአለቅነት የበቁ ሊቅ ነበሩ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አንሥቶ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ኖረዋል። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በሊቅነታቸው ሳይሆን በአንደበታቸው ስለት ነው። አንድ ጊዜ አህዮች እየነዱ ሲሄዱ ያገኟቸው ልጆች «እንደምን አደሩ፣ የአህዮች አባት!» ቢሏቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ!» ብለው መለሱ የሚባለውን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። የዚህ ቀልድ ዘመዶች በቱርክ አገር በናስረዲን ሆጃ ስም፣ በዐረብ አገር ደግሞ በጁሃ ስም ይነገራሉ። ቀልድ ፓስፖርት ሳይዝ ድንበር የሚሻገር መንገደኛ ነው፤ በደረሰበት አገር የታወቀ አንድ ጥበበኛ ይፈልግና በእሱ ስም ይጠለላል። ስለዚህ በአለቃ ገብረ ሐና ስም በየመጽሐፉ ታትመው የምናገኛቸው ቀልዶች ሁሉ ከአለቃ አፍ ወጡ ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም ሕዝቡ ይህን ሁሉ ሲያሸክማቸው፣ ሸክሙን የሚችል ጫንቃ እንደ ነበራቸው ዐውቆ መሆን አለበት።

ከቀልዳቸው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው ሥራቸው ነው። በማኅሌት ቆመው ለሚዘምሩ ሊቃውንት ተክሌ የሚባለውን የአቋቋም ስልት ያስገኙ እሳቸው ናቸው፤ ስያሜውም በልጃቸው በተክሌ ስም ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በጣና ላይ በሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም በተቀመጡበት ወቅት፣ የሐይቁ ሞገድ ሲመጣና ሲመለስ በዳርቻው ያለውን ደንገል ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ተመልክተው፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ መቋሚያውና ወደ ሰውነት አዛወሩት። በጎንደር ያሉ ሊቃውንት በመጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር ይባላል። ዛሬ ግን የተክሌ አቋቋም በደብረ ታቦር ትልቅ ምስክር ያለው ትምህርት ሁኖ ይኖራል። ደንገሉን አይቶ ደንገሉን መምሰል የቻለ ሰው፣ ጌታውንና ሎሌውን፣ ባለጠጋውንና ለማኙን አይቶ መምሰል ቢችል ምን ይደንቃል? የማየትና የመምሰል ችሎታ አንድ ነውና፣ ቅዱሱን ዜማና የአደባባዩን ዋዛ በአንድ ሰው ውስጥ ማግኘታችን ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም።

መምሰል ለአገራችን ሰው እንግዳ ሥራ አይደለም። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ሊቀ መኳስ የሚባል ሹመት ነበረ፤ ሊቀ መኳሱ በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ፣ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ሹም ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይህን ሹመት የያዘው እንግሊዛዊው ጆን ቤል በ1853 ዓ.ም. በውጊያ ላይ ሞተ። ይህ የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ ሌላውን ሰው መስሎ መታየት በእኛ ዘንድ የሕይወት ዋጋ እስከ መክፈል የደረሰ ቁም ነገር እንደ ነበረ ለማሳሰብ ያህል ነው።

የሚያስቀው መምሰልም ቢሆን የራሱ ጊዜና የራሱ ሕግ ነበረው። በገና ዕለት ሜዳ ላይ ሩርና ዱላ ይዞ የሚወጣው ጨዋታ ይህን ያስረዳል። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን፣ ወጣቱ ሽማግሌውን፣ የታችኛው ሰፈር የላይኛውን ሰፈር በስድብ ግጥም ቢወርፈው፣ ጌታ አይቆጣም፤ ቢቆጣም የሚዋረደው እሱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ፈቃዱ ያበቃል፤ በማግሥቱ ያንኑ ቃል የደገመ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል። እንግዲህ ቀልድ በአገራችን ዓመቱን ሙሉ የሚሠራበት መብት ሳይሆን በበዓል ቀን የሚሰጥ ፈቃድ ሁኖ ነው ያደገው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ቴሌቪዥኑ ስንደርስ መልሰን እናገኘዋለን።

ያለ በዓል ሁልጊዜ የሚናገር አዝማሪው ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የሚናገረው በሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ምስጋና ሲሆን ወርቁ ነቀፋ ይሆናል፤ የተነቀፈው ሰው ቢገባው እንኳ ስለ ምስጋናው ብር መሸለም ግዴታው ነው። ይህ የምላስ ጥበብ እንደ ዋዛ የማይታይ መሆኑን ከእኛ ይልቅ ጠላት ዐውቆታል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የፋሺስቱ እንደራሴ ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋራ በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑና የሚተርኩ ሰዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። መሣሪያቸው ማሲንቆ ብቻ የነበረ ሰዎች ከጠመንጃ ያዥ ጋራ እኩል ተፈርተው ሞቱ።

ወደ ቴያትር መድረክ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴያትር አሳዛኝ ታሪክ ሳይሆን ኮሜዲ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የጦር ትምህርት ተምረው፣ የአውሮፓንም ቴያትር አይተው ከተመለሱ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ቴያትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ አላስደሰታቸውምና፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ጻፉ። የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው፣ የሰውን ጉቦና ሸፍጥ በአውሬ አፍ አናገሩት። በቴራስ ሆቴል የታየው ይህ ሥራ ለመኳንንቱ ሰሙም ወርቁም ገባቸው መሰለኝ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒሁ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ኮሜዲና የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አንድ እጅ እንደ ጻፋቸው የሚያስታውስ መምህር በክፍሉ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የተጓዘው መንገድ ለአብዛኛው አንባቢ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። የደብረ ኤልያሱ ቅኔ ዐዋቂ ዮፍታሔ ንጉሤ «አፋጀሽኝ»ን የመሰለ ቴያትር ጻፉ፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠርቶ ከነጻነት በኋላ ዘፈንን፣ ሙዚቃንና አጭር ጭውውትን በአንድ መድረክ ማቅረብን ልማድ አደረገ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የሚባለው ትልቁ አዳራሽ ተከፈተ። በ1950ዎቹ ዓመታት መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» ኮሜዲን ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሱት። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ፣ በአባታቸው ቤት ቅኔ፣ በለንደን ደግሞ የእንግሊዝን ቴያትር ያዩ ሰው ነበሩና፣ ሁለቱን ማጋባት አላቃታቸውም። የሳቁት በገጠሬው ላይ አልነበረም፤ ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ አዲሱን ሐሳብ ከአሮጌው ልማድ ጋር ማስታረቅ ባቃተው በራሳቸው ትውልድ ላይ ነበር። ይህን ነጥብ አጥብቄ መያዝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህን አርአያ አልተከተሉም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓል ዕለት ነው። የልደቱ ቀን በዓል መሆኑ ለወደፊቱ ጠባዩ ምልክት የሆነ ይመስላል። በመጀመሪያ ሥርጭቱ በምሽት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ መሣሪያውም በጥቂት ቤቶች ብቻ ይገኝ ስለ ነበረ፣ ጎረቤት ሁሉ ባለቴሌቪዥኑ ቤት ተሰብስቦ ያያል፤ ልጆች መሬት ላይ፣ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ፣ ዘግይቶ የመጣው በመስኮት ቆሞ። ቀለም የታከለበት የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ወቅት ነው።

በዚህ ሣጥን ውስጥ ለቀልድ የተሰጠው ስፍራ ጭውውት ይባል ነበር። ቃሉ ራሱ መልካም ነው፤ መጫወትን፣ ማውጋትንና አብሮ መቀመጥን በአንድነት ይዟል። የጭውውቱ አሠራር ቀላል ነበር። አንድ የተቀባ ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ወንበር፣ አንድ በር። በበሩ የሚገባው ሰው ሁልጊዜ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አከራይ ይሆናል፣ የገጠር ዘመድ ይሆናል፣ ብድር ጠያቂ ይሆናል፣ ሚስት የምትጠረጥረው ጓደኛ ይሆናል። ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ተጠላልፎ፣ ተባብሶ፣ በአንድ ቃል ይፈታል። የሚያስቀውም ተግባሩ ሳይሆን ቃሉ ነው፤ አማርኛ በጆሮ የሚበላ ቋንቋ ነውና፣ በዓይን የሚያስቅ መውደቅና መነሣት ብቻውን የእኛን ተመልካች ብዙ አያስደስተውም።

የሚቀርብበትም ጊዜ ቢመረመር፣ ከላይ በአደራ ያስቀመጥኩት ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። ተመልካቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ጭውውት የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ጭውውት ነበር። ዶሮው እየተገነጠለ፣ ጠላው እየተጠመቀ፣ ቄጠማው እየተጐዘጐዘ፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። በገና ሜዳ ላይ ለሎሌው ይሰጥ የነበረው የአንድ ቀን ፈቃድ፣ በቴሌቪዥን ዘመን ለኮሜዲያኑ ተዛወረ። በአዘቦት ቀን ዜናና ንግግር፣ በበዓል ቀን ሳቅ። ልዩነቱ ግን፣ በሜዳው ላይ ማንም ሎሌ ግጥሙን አስቀድሞ ለጌታው አሳይቶ አያውቅም፤ በደርግ ዘመን የነበረው የጭውውት ጽሑፍ ግን አስቀድሞ እየተነበበ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ የሚፈቀዱ ሰለባዎች ተለይተው የታወቁ ሆኑ፤ ሰነፉ ሠራተኛ፣ አድርባዩ፣ ሰካራሙ፣ ደንበኛ የሚያመላልሰው ጸሐፊ፣ ጠንቋይ ቤት የምትመላለሰው ሴት። ከእነዚህ በላይ ያለው ሁሉ እንደ ማይደረስበት ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ማንም አይወጣውም። እንዲህም ሁኖ ሰዉ ይስቅ ነበር፤ ደንበኛ የሚያመላልሰው ጸሐፊ ከኋላው ያለውን አለቃ የሚያስታውሰው አንባቢ ጠፍቶ አያውቅምና። ኅብረ ትርኢት የሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት የብዙ ቤተሰብ ትዝታ ሁኖ የቀረው ስለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ የተነሡት ኮሜዲያን ብዙዎቹ ጥንድ ጥንድ ሁነው ነው የሚታወሱት። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ አንድ ጥንድ ናቸው፤ ደረጀና ሀብቴ ሌላ ጥንድ ናቸው። ሕዝቡ አንዱን ስም ከሌላው ሳይለይ እንደ ሰምና ወርቅ አጣምሮ ይጠራቸዋል። ጥንድነቱ ከጭውውቱ ጠባይ የመጣ ነው፤ አንዱ ሲያብድ ሌላው ጤነኛ መሆን አለበት፤ አንዱ ሲዋሽ ሌላው ማመን አለበት። አድማጭ የሚስቀው በሚያብደው ነው፤ ሥራው የሚከብደው ግን ጤነኛ ሁኖ ለሚቆመው ነው፤ ሳይስቅ መቆም ከማሳቅ ይበልጥ ከባድ ነውና። ተስፋዬ ካሣ ደግሞ ያለ ጥንድ፣ ብቻቸውን በመድረክ ላይ ቆመው ብዙ ሰው የሚሆኑ ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ ሥራ በካሴት እየተቀዳ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ ይሰማ ስለ ነበር፣ ቴሌቪዥን ያላየ የገጠር ልጅ ሳይቀር ቃላቸውን በቃሉ ያውቅ ነበር።

ስለ ጭውውቱ የማነሣው አንድ ቅሬታ አለኝ። በበሩ የሚገባው የገጠር ዘመድ ማን ነው? ቁምጣ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ፣ ነጠላውን ያደገደገ፣ በከተማው ነገር ሁሉ የሚደነግጥ ሰው ነው፤ አነጋገሩም ብዙውን ጊዜ የጎጃም ወይም የጎንደር ወይም የወሎ ነው። «ሆኖ» በማለት ፈንታ «ሁኖ»፣ «ሄዶ» በማለት ፈንታ «ሂዶ» ሲል ተመልካቹ ይስቃል። ነገር ግን የቀደሙትን የአማርኛ መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው «ሁኖ»ንና «ሂዶ»ን በየገጹ ያገኛቸዋል። ያ ባላገር የሚናገረው የተበላሸ አማርኛ አይደለም፤ የመጻሕፍቱን አማርኛ ነው። የከተማው ሰው በአያቱ አፍ ላይ እየሳቀ መሆኑን አላወቀም። መንግሥቱ ለማ ሳቁን ወደ ተማረው ሰው አዙረውት ነበር፤ ጭውውቱ ግን መልሶ ወደ ባላገሩ አዞረው። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ባለሥልጣን የማይነካ ሲሆን፣ ባላገር ደግሞ ወደ ስቱዲዮ መጥቶ የማይከስ ሲሆን፣ ቀልድ እንደ ውሃ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይፈስሳል።

ይህን ነገር በፔዳ የተማሩ መምህራን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ተማሪ ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ በአንድ መኝታ ቤት ሲሰበሰብ፣ የመጀመሪያው ትምህርት የሚሰጠው በመምህር ሳይሆን በአልጋ ጎረቤት ነው። የሐረሩ የጎጃሙን፣ የጎጃሙ የሸዋውን፣ የሸዋው የትግሬውን አነጋገር እየቀዳ ሌሊቱን ያሳልፋሉ። በመጀመሪያው ዓመት የተቀየመ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት ራሱ ቀጂ ይሆናል። ከዚያም ሁሉም በኅብረት ወደ መምህራኑ ይዞራሉ፤ የአንዱን መነጽር አወላለቅ፣ የሌላውን ጠመኔ አያያዝ፣ የውጭ አገሩን መምህር የአማርኛ ሰላምታ። ተመርቀው በየአውራጃው ሲበተኑም ይህንኑ ችሎታ ይዘው ይሄዳሉ፤ በየትምህርት ቤቱ በሚኒ ሚዲያው፣ በቴያትር ክበቡና በወላጆች ቀን በዓል ላይ ለመድረክ ያወጧቸው ልጆች ከዚያው ምንጭ የጠጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለ ታወቁ ኮሜዲያን ሲጻፍ የሚጠራው ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው፤ የወላጆች ቀን ዳኛ ሁኖ የመጀመሪያውን ጭብጨባ ያስጨበጨበላቸው የአማርኛ መምህር ግን አይጠራም።

ሰውን የመቅዳት ሥራ ከጭውውት ይለያል። በጭውውት ውስጥ ያለው ሰካራም ማንም ሰካራም ነው፤ የሚቀዳው ሰው ግን ስም አለው። የዘፋኙ የአንገት አዞር፣ የዜና አንባቢው ትንፋሽ አወሳሰድ፣ የኳስ ጨዋታ ተራኪው ጩኸት፣ የባለሥልጣኑ ሳል። ቀጂው ትልቁን ነገር አይቀዳም፤ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀውን ትንሹን ነገር ነው የሚይዘው። ለዚህም ነው የተቀዳ ሰው የሚናደደው፤ ሕዝቡ ያንን ትንሽ ነገር አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ዋናውን ሰው ሲያይ ሁልጊዜ ቅጂው ይታየዋልና።

በዚህ ሥራ የጎንደሩ ታማኝ በየነን የሚያህል ሰው አላየንም። በደርግ ዘመን ማብቂያና በሽግግሩ ዓመታት በመድረክ አስተዋዋቂነትና በቅጂ ችሎታቸው የታወቁት አቶ ታማኝ፣ ዘፋኙን እንደ ቀዱ አልቀሩም፤ ወደ ሹማምንቱ ተሻገሩ። በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራ ቀርቶ ነበር፤ ጋዜጣውም መጽሔቱም የሹማምንቱን ሥዕል እያጣመመ ይሥል ነበር። ነገር ግን በወረቀት የተፈቀደው ሁሉ በመድረክ ላይ እኩል አልተቻለም። አቶ ታማኝ በ1988 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው በአሜሪካ ተቀመጡ። በዚያም ሥራቸው ከቀልድ ወደ ፖለቲካ ትግል እያደላ ሄደ፤ የሹማምንቱን የቀድሞ ንግግር ከኋለኛው ንግግራቸው ጋር አጋጥሞ በማሳየት ብቻ፣ ያለ ምንም ቅጂ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስቁና ያስለቅሱ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከ22 ዓመት ስደት በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት፣ አንድ ሰው አስቂኝ ስለ ሆነ ብቻ የሚያገኘው አቀባበል አልነበረም። ስለ ፖለቲካ አቋማቸው የሚደግፍም የሚቃወምም አለ፤ እኔ እዚህ ላይ የማነሣው የሙያቸውን ታሪክ ነው። ለአዝማሪው ቀድሞ በጅራፍና በጥይት፣ ለ«ፋቡላ» በእገዳ የተከፈለው ዋጋ፣ በእኛ ዘመን በስደት ተከፍሏል።

የሌሊቱ ወግ ዝግጅት ወደ አገራችን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሜሪካ «ቱናይት» የተባለው ዝግጅት በቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ጆኒ ካርሰን እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1992 ድረስ 30 ዓመት ሙሉ መሩት። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በኒው ዮርክ የቅዳሜ ሌሊት የጭውውት ዝግጅት ተጀመረና፣ የፕሬዚዳንቶችን መልክና ድምፅ መቅዳት የየሳምንቱ ሥራ ሆነ። እዚያ አገር ፕሬዚዳንቱ ራሱ መጥቶ ከቀጂው አጠገብ ቆሞ የሚስቅበት ጊዜ አለ። በሳቁ ውስጥ ምን ያህል ደስታ፣ ምን ያህል ብልሃት እንዳለ እሱ ያውቃል።

በእኛ አገር ይህን መንገድ የከፈቱት ከጥንዶቹ አንዱ የነበሩት አለባቸው ተካ ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አለቤ ሾው የተባለውን ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ቀልድና የእንግዳ ጭውውት በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ተመልካቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። በዚያው ዐሥርተ ዓመት በመኪና አደጋ ሕይወታቸው ስላለፈ፣ የጀመሩት ነገር የት ሊደርስ ይችል እንደ ነበር ሳይታይ ቀረ። በኋላ በ2000ዎቹ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በተቋቋመው ኢቢኤስ ቴሌቪዥን ላይ ሰይፉ ፋንታሁን ይህንኑ ዓይነት ዝግጅት ይዞ ቀረበ። የመክፈቻ ቀልድ፣ የሙዚቃ ባንድ፣ ሶፋ፣ እንግዳ፤ ቅርጹ የአሜሪካ ነው። ይዘቱን ቀረብ ብሎ ያየ ግን የራሳችንን ነገር ያገኝበታል። የአሜሪካው እንግዳ የሚመጣው አዲስ ፊልሙን ለማስተዋወቅ ነው፤ የእኛው እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያለፈ ሕይወቱን ለመተረክ ነው። ሶፋው ላይ የሚወርደው ከሳቁ ይልቅ ዕንባው ይበዛል። የለቅሶ ቤቱ ወግና የሠርግ ቤቱ ጨዋታ በአንድ ምሽት ይገናኛሉ፤ ይህን ከየትም አልቀዳነውም።

የቀድሞዎቹ ኮሜዲያን በእነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ትዝታቸውን ሲናገሩ የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። «እንዲህ አልኩት፣ እንዲህ አለኝ» እያሉ ይጀምሩና ሳያስቡት ይነሣሉ። የሞተው ጓደኛቸው በድምፃቸው ይናገራል፤ ጽሑፋቸውን ያነብብ የነበረው መርማሪ በግንባራቸው ይኮሳተራል፤ በሩን ያንኳኳ የነበረው የገጠር ዘመድ እንደገና ይገባል። ያ ሁሉ ጭውውት በወረቀት ታትሞ በመጻሕፍት ቤት አልተቀመጠም። ከቴያትሮቻችን መካከል ታላላቆቹ ታትመዋል፤ ተማሪ ያነባቸዋል፤ መምህር ይፈትንባቸዋል። የቀልድ ካሴት ግን ክሩ ሲጠነባ ይጣላል። ዛሬ በዩቲዩብ ላይ የምናገኘው፣ አንድ ሰው በቤቱ ቀድቶ ያስቀመጠው፣ ምስሉ የደበዘዘ፣ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው የጎደለ ቁራጭ ነው። የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ዓመት በዓል እንደ ታየ የሚናገር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የለበትም። ያለ ስም የቀረ ቀልድ ምን እንደሚሆን ከአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ አይተናል፤ ዛሬ የእነ አለባቸውን ቃል በሌላ ሰው ስም፣ የሌላውንም በእነሱ ስም ሲናገር የምንሰማው ወጣት ጥቂት አይደለም።

በባሕር ዳር ዛሬ የራሱ ቴሌቪዥን ጣቢያ አለ፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነው። በበዓል ዋዜማ ከዚያ ጣቢያ በሚተላለፈው ጭውውት ውስጥ «ሁኖ»ና «ሂዶ» የሚል ሰው በበሩ ሲገባ፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀበለውም «ሁኖ»ና «ሂዶ» ይላል። ያን ጊዜ ተመልካቹ የሚስቀው ሰውዬው ይዞት በመጣው ነገር ነው።